የሐኪሙ ቁጣ በሕመምተኛዋ አንደበት

በዚያ ጠዋት በክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ወሬው በአራዳ ሲዞር ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ አስር ያደረሱት ስላሉ፣ አንድ በአንድ ልጥራ።

ሐኪሙ ሙሴ ቫርታን፤ አርመናዊ፣ ሕክምናውን በፈረንሳይኛ የተማረ፣ ወደ አገራችን ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ አማርኛው «ና» እና «ሂድ» ከማለት የማያልፍ። ባሻ ደስታ፤ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ቁስል የሚያጥቡና የሐኪሙን መሣሪያ የሚጠብቁ። እማሆይ ወለተ ሐና፤ ከትግራይ የመጡ መነኩሲት፣ ሴቶቹን የሚያስታምሙ፣ ያን ዕለት የሕመምተኛዋን የእጅ ትርታ ይዘው የቆሙ። ተሰማ፤ የዶሮ ማነቂያ ልጅ፣ ማደንዘዣውን በሕመምተኛ አፍንጫ ላይ ጠብ ጠብ የሚያደርግ። ወይዘሮ አስካለ፤ ከአፍንጮ በር የመጣች የሦስት ልጆች እናት፣ በጠረጴዛው ላይ የተኛች። ስድስተኛው እኔ ዘለቀ ነኝ፣ አስተርጓሚው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የግሪክ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስደረድር፣ በሣጥኑና በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየገለበጥኩ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት እያመሳከርኩ ለብቻዬ ተማርኩት። ብዙ አልናገርም ነበር። ከሰው መካከል ስሆን የምናገረው ሌላው የተናገረውን ነው፤ ይህም ይስማማኝ ነበር። የምኮራበት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ቃል አላስቀርም፣ ቃል አልጨምርም። ሙሴ ቫርታን የቀጠረኝም ለዚሁ ነው። ከእኔ በፊት የነበረውን አስተርጓሚ «ነገር ይቀባባል» ብሎ አባርሮታል።

ቤቱ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከአንድ ጫማ ሰሪ ጀርባ ነበር። ስምንት አልጋ፣ አንድ የኦፕራሲዮን ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ።

ሙሴ ቫርታን እጁ የሚያምር ሐኪም ነው። ይህን ሳልናገር ስለ ቁጣው ብቻ ብጽፍ በደል ይሆንብኛል። ሌሎች «ወስዳችሁ ቅበሩት» ያሏቸው ሰዎች ከእሱ ቤት በእግራቸው ሲወጡ በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ይቆጣ ነበር፤ ቁጣውም እንደ ሌላው ሰው ቁጣ ቀስ ብሎ የሚሞቅ አልነበረም። መጀመሪያ ዝም ይላል። ዐይኑ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ከዚያ የግራ እጁ አውራ ጣት ከጎኑ ያለችውን ጣት ማሸት ይጀምራል፤ ክር እንደሚፈትል ሰው። ሦስት አራት ጊዜ ካሸ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ከእሱ ደረት የሚወጣ አይመስልም። ሲያበቃ ደግሞ ያለውን አያስታውስም። ማታ የሰደበውን ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኛ ያንን ጣት ማየት ለምደን ነበር።

«ፈተለ!» ይላል ተሰማ በሹክሹክታ። «ዛሬ ሁላችንንም ጋቢ ሳያለብሰን አይመለስም።»

እማሆይ በዚህ አይስቁም። «የሚጮኸው ሰውየው አይደለም፤ የተቀመጠበት ነው» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት እሱ ከመግባቱ በፊት ደጃፉ ላይ ጠበል ይረጩ ነበር። ባሻ ደስታ ግን ምንም አይሉም። ጣቱን ሲያዩ የያዙትን ዕቃ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ።

ሙሴ ጮኾ ሲያበቃ ወደ እኔ ያያል። ያን ጊዜ የእኔ ተራ ነው። የተናገረውን ሁሉ፣ ስድቡንም ጭምር፣ ባለው ቅደም ተከተል፣ በዝግታና በለሰለሰ ድምፅ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። እሱ ሲጮህ ሰዉ ይደነግጣል፤ እኔ ስናገር አንገቱን ይደፋል። ልዩነቱን አይቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም፤ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ባሻ ደስታ ራሳቸው ያወጡት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ኦፕራሲዮን ሲኖር አስራ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ቀቅለው ያዘጋጃሉ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ አስራ ሁለት ሚስማር በተርታ መትተዋል። ደም የጠጣው ጨርቅ ከሕመምተኛው ሆድ ሲወጣ ተጨምቆ አንዱ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ሳይነካ የተረፈም ቢኖር እንዲሁ። በመጨረሻ ባዶ ሚስማር ካለ፣ አንድ ጨርቅ ሆድ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ መዝገብ የለም። ችግሩ፣ ሙሴ የሚሠራው ጀርባውን ለሚስማሮቹ ሰጥቶ መሆኑ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ባሻ የአንድ ገበሬን ቁስል ሲያጥቡ ወደ ሙሴ ቀረብ ብለው፣ «ሙሴ፣ ትናንት ከዚህ ሰውዬ የወጣው ጨርቅ አንድ ይጎድላል መሰለኝ» አሉ። ተረጎምኩ። ሙሴ ዝም አለ። ጣቱ ጀመረ።

ጨርቁ በኋላ ባልዲ ሥር ተገኝቷል፤ ባሻ ተሳስተው ነበር። ስድቡ ግን ከዚያ በፊት መጥቶ አልፏል። እኔም በስምንቱም አልጋ ያሉት እየሰሙ፣ ባሻ ፊት ቆሜ፣ ቃል በቃል መለስኩት።

«ሐኪሙ እኔ ነኝ። አንተ በግ ጠባቂ ነህ። ለአንተ የተሰጠህ እጅ ነው፤ አፍ አልተሰጠህም። ከእንግዲህ ስሠራ ድምፅህን ብሰማ ከዚህ ቤት ትወጣለህ።»

ባሻ «እሺ» አሉ። ከአጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ወይዘሮ አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ።

ወይዘሮ አስካለ በሆዷ ውስጥ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል እጢ ነበራት። ትንሹ ልጇ ገና ጡት አልጣለም። ባሏ ጠዋት ከአልጋዋ ራሱ ደግፎ አምጥቶ ለሙሴ አስረከባትና ወደ ውጭ ወጥቶ ከጫማ ሰሪው ጣሪያ ሥር ቆመ። ከሦስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሥራው ተጀመረ።

እጢው በደህና ወጣ። ሙሴ ደስ ብሎት በአፍንጫው ያዜም ነበር። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሲጨልም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፋኖስ አበራሁ። በረዶ መጣ። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ሰውን የማይሰማበት ጩኸት ሆነ። ሙሴ አፉን ሲከፍት አያለሁ፤ ድምፁ ግን የለም። በጣቱ እያመለከተ መሥራቱን ቀጠለ። መስፋት ጀመረ።

ያን ጊዜ ዐይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ።

አስራ አንድ ጨርቅ ተሰቅሏል። አስራ ሁለተኛው ሚስማር ባዶ ነው።

ደግሜ ቆጠርኩ። አስራ አንድ። ባልዲውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ወለሉን አየሁ። ቀና ስል ባሻ ደስታም ዐይናቸውን እዚያው ሚስማር ላይ ተክለው ቀርተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እማሆይን አየሁ፤ ትርታውን እንደያዙ እሳቸውም ወደ ሚስማሩ ያያሉ። ተሰማ ጠርሙሱን እንደያዘ እኔን አየኝ፣ ሚስማሩን አየ፣ ዐይኑን ሰበረ። አራታችንም ዐውቀናል። የማያውቀው ጀርባውን የሰጠው ሰው ብቻ ነው። እሱም ይሰፋል።

የማንናገረው በረዶው እስኪያባራ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በረዶው ግን ቀስ እያለ አልቆመም፤ በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ የመጣው ጸጥታ ጆሮ ይጠዘጥዛል። የመርፌው ክር በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር። እማሆይ አልተናገሩም። ተሰማ አልተናገረም። ባሻ አልተናገሩም። እኔ ደግሞ የራሴ ቃል የለኝም፤ ማንም የሰጠኝ የሚተረጎም ነገር የለም ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ተናገረች።

ዐይኗ ተከድኗል። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም፤ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚሠራው። በዝግታና በለሰለሰ ድምፅ፣

«ሐኪሙ እኔ ነኝ» አለች።

ቆም አለች። ቆም ያለችው ልክ እኔ ማክሰኞ ቆም ባልኩበት ቦታ ነው።

«ለአንተ የተሰጠህ እጅ ነው። አፍ አልተሰጠህም።»

ተሰማ ጠርሙሱን ሊጥለው ነበር። እማሆይ በአንድ እጃቸው አማተቡ፤ ትርታውን ግን አልለቀቁም። «ስመ ሥላሴ» ሲሉ ሰማሁ።

«ስሠራ ድምፅህን ብሰማ…» አለችና ዝም አለች። አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ።

«ጨምርበት!» አለ ሙሴ ለተሰማ፤ ተረጎምኩ። ተሰማ ጠብ አደረገ። ሙሴ ቀና ሳይል፣ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ የማደርገውን ዐውቅ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ሳደርገው የኖርኩትን ነው። ቃሏን ወደ ፈረንሳይኛ መለስኩ፤ ወደ ፈረንሳይኛ ስመልሰው ደግሞ ማክሰኞ ከአፉ የወጣው ቃል ራሱ ሆኖ መጣ፤ አንድም ሳይለወጥ።

የሙሴ መርፌ አየር ላይ ቆመ።

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም፣ ሙሴ። ቃል በቃል ነው።»

«ከየት አመጣችው?»

«ማክሰኞ ዕለት እርስዎ ለባሻ ደስታ ብለውታል። እሷ አጠገባቸው ተኝታ ነበር።»

«እኔ? እኔ እንዲህ አልኩ?»

«አዎ።»

አየኝ። እንደማያስታውስ ገባኝ። ከዚያ ዐይኑ አንድ ቦታ ላይ ቀረ፤ መርፌ ያልያዘው የግራ እጁ አውራ ጣት መሽከርከር ጀመረ። ሁላችንም አየነው። ሊጨርስ ሦስት ስፌት ቀርቶታል። ጣቱ ከቆመ በኋላ የሚመጣውን እናውቃለን፤ ከዚያም በኋላ በዚያ ክፍል የሚናገር ሰው እንደማይኖር እናውቃለን። ሴትዮዋ ከነጨርቁ ትሰፋለች፤ በሳምንቷ ሆዷ ውስጥ በስብሶ ትሞታለች።

«ሙሴ» አልኩ። «አንድ ሚስማር ባዶ ነው።»

ወደ ባሻ አየ፤ ወደ እማሆይ አየ። ወደ እኔ ተመለሰ።

«ይህ የማን ቃል ነው?»

«የእኔ ነው። ማንም አላለኝም።»

ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም፤ ይህን ብቻ ልለካው አልቻልኩም። ጣቱ ይፈትል ነበር። ከዚያ ሙሴ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና ግድግዳውን አየ። በፈረንሳይኛ መቁጠር ጀመረ። አስራ አንድ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ።

መቀስ ጠየቀ። የሰፋውን ቆረጠ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ዘጠኝ። እጁን አስገባ።

«ትርታዋ ይሸሸኛል» አሉ እማሆይ። ተረጎምኩ። ሙሴ በዝግታ መለሰ፤ እኔም፣ «ማደንዘዣው ይቁም ብሏል» አልኩ። ተሰማ ጠርሙሱን ከደነ። «አሁንም ይሸሸኛል።» ተረጎምኩ። «አገኘሁት፣ አይ፣ አንጀት ነው» አለ ሙሴ። ተረጎምኩ። በዚያ ክፍል ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ጨርቁ ከጉበቷ ሥር ወጣ። ሙሴ ለባሻ አልሰጣቸውም። ራሱ ጨመቀው፤ ራሱ ሄዶ አስራ ሁለተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ተመልሶ ሰፋ። እማሆይ፣ «ተመለሰችልኝ» አሉ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ነገሩ እዚህ ያበቃል። ሙሴ እጁን ሲታጠብ ባሻ ደስታ ሽርጣቸውን ፈትተው ሰቀሉት። ኩታቸውን ደረቡ። መጡና የኩታቸውን ጫፍ ከሙሴ ነጭ ካፖርት ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

«በሕግ አምላክ፣ ሙሴ!» አሉ። «ከዳኛ ፊት ሳንደርስ እንዳትፈታት።»

«ይህ ሰው ምን ሆኗል?» አለ ሙሴ።

የአገሩን ልማድ አስረዳሁት። የተበደለ ሰው በዳዩን ከራሱ ጋር ይቋጥራል፤ የቋጠረውን የሚፈታው ፍርድ ነው፤ ዳኛውም መንገድ ላይ የተገኘ የታመነ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። «እርስዎ የውጭ አገር ሰው ስለሆኑ እምቢ ሊሉ ይችላሉ» አልኩት። ይህን ያልኩት ከራሴ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለተኛዬ።

ሙሴ ቋጠሮውን አየ። ከዚያ በሩን አየ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሴት ዞሮ አየ። «እንሂድ» አለ።

እማሆይ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ቀሩ። እኛ ወጣን። መንገዱ በበረዶ ነጥቷል፤ ከብርሃኑ የተነሣ ዐይን ይወጋል። ሰው ከየጣሪያው ሥር ብቅ ማለት ጀመረ።

«ኧረ ባሻ! ፈረንጁን ለየትኛው ገበያ ነው የሚነዱት?» አለ አንዱ።

«ቀስ ብለው ይያዙት፣ መርፌ እንዳይወጋዎት!»

ተሰማ ሊመልስላቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ባሻ አንዴ ቢያዩት ዘጋው።

ከጫማ ሰሪው ደጃፍ ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ከጊዮርጊስ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ በረዶውን ተጠልለው ቆመዋል። የወይዘሮ አስካለ ባልም አጠገባቸው ነበር። ቋጠሮውን አይቶ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ሞተች?» አለ።

«አልሞተችም» አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ባሻ ሽማግሌውን እጅ ነሡ። «አባቴ፣ ይፍረዱን።» ያለውን ሁሉ ተናገሩ፤ የማክሰኞውን ስድብ፣ የዛሬውን ጨርቅ። «ዛሬ ዝም ያልኩት አፍ የለህም ስለተባልኩ ነው። ሴትየዋ ብትሞት ደሟ በእኔ ይሆን ነበር። ይህን ያሸከመኝ እሱ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ጢማቸውን ይዘው ጠየቁ።

«ባሻ፣ የፈረንጁን ቋንቋ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ በግ ጠባቂ መባልዎን፣ አፍ የለህም መባልዎን በምን አወቁ?»

ባሻ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይሄ ነገረኝ።»

«በቁጣ ነው የነገርዎት?»

«አይደለም ጌታዬ፤ በደህና ድምፅ ነው። የባሰውም እሱ ነው። ያኛው ሲጮህ ውሻም ይጮሃል ብዬ አልፈዋለሁ። ይሄ ግን አጠገቤ መጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አባቱ የምሆነውን ሰውዬ አንተ እያለ፣ አንዷን እንኳ ሳያስቀር ጆሮዬ ውስጥ ያስገባታል።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«እሰሩት» አሉ።

ባሻ የኩታቸውን ሌላ ጫፍ ከእኔ እጀ ጠባብ ጋር ቋጠሩት። ሦስታችን በአንድ ኩታ ተያያዝን። ከዚያች ደቂቃ በፊት በዚያ ቤት የተሰደበ ሰው ሁሉ የተሰደበው በእኔ አፍ መሆኑን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ሙሴ ጩኸት ብቻ ነበር። ቃሉ እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌው ሙሴን ጠየቁ፤ ተረጎምኩ። ሙሴም መለሰ፤ «ሕመምተኛ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል እፈራለሁ። ስጮህ የምመልሰው ይመስለኛል። ያልኩትን አላስታውሰውም። ይህን እውነት ብላችሁ ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም።»

«ሲመጣበት ምልክት አለው?» አሉ ሽማግሌው።

ተሰማ፣ «ጣቱ ነው አባቴ» አለ። «ይፈትላል።» አሳያቸው። ስተረጉምለት ሙሴ የግራ እጁን አንሥቶ አየው። ጣቱ በዚያች ሰዓትም ይሽከረከር ነበር። የሌላ ሰው እጅ ክንዱ ላይ የተሰፋበት ይመስል፣ ከፊቱ አርቆ ያዘው። በቀኝ እጁ ጨበጠውና አቆመው። በአራዳ መንገድ ላይ፣ በቀትር፣ ያን ያህል የፈራ ሰው አላየሁም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ባሻ ከእንግዲህ ጨርቅ ሲወጣ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሙሴም ለያንዳንዱ «ሰማሁ» ይላል፤ ያም በአማርኛ። ጣቱ ሲጀምር ያየ ማንኛውም ሰው «ውኃ» ይላል፤ ሙሴም የያዘውን አስቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር እጁን ታጥቦ ይመለሳል። «አንተ ልጅ ደግሞ» አሉኝ፣ «መቀስ ሲል መቀስ በል። ስድብ ሲል ሥራው እስኪያልቅ አፍህ ውስጥ ይቆይ። ሥራው ካለቀ በኋላ ካልጠፋ፣ ያን ጊዜ ለባለቤቱ መልስለት።»

«ዋስ ጥራ» ተባለ ሙሴ። ተረጎምኩለት፤ ቃሉን ቢጥስ የሚጠየቅለት ሰው ማቅረብ እንዳለበት ነገርኩት። ግራና ቀኝ አየ። ከተሰበሰበው ሰው ማንም ዐይኑን አላየውም። ከቤቱ በር ላይ እማሆይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አላውቅም።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አሉ። «ሴትየዋ ውኃ ጠየቀች፤ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ አስካለ አምስት ቀን በትኩሳት ነደደች፤ በስድስተኛው ቀን አጥሚት ጠጣች፤ በሦስተኛው ሳምንት ባሏ በበቅሎ አስቀምጦ ወሰዳት። የተናገረችውን አንዲት ቃል አታስታውስም። እኔን የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው። «ተኝቼ ሳለ አንድ ሰው ይቆጥር ነበር። አስራ አንድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከአንድ ይጀምራል። ማነው እሱ?» አለችኝ። በዚያ ሰዓት በቆርቆሮው ጩኸት የራሴን ትንፋሽ እንኳ አልሰማም ነበር። ባሻን ጠየቅኳቸው። «ከንፈሬ እንጂ ድምፄ አልወጣም» ብለው ማሉልኝ። የተናገረችበት ድምፅም እስከ ዛሬ አላስማማንም። ባሻ እስኪያርፉ ድረስ የአንተው ድምፅ ነበር ይሉኝ ነበር፤ እማሆይ የሙሴ ነው ይላሉ፤ ተሰማ የማንም አይደለም ይላል። እኔ በወቅቱ የሰማሁትን ጽፌ አላስቀመጥኩም። በሕይወቴ ያልጻፍኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ያልጻፍኩትም ስለፈራሁ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሙሴ ከዚያ ወዲያ መልአክ ሆነ ብዬ አላታልልህም። እስከ ጥምቀት ድረስ ሰባት ጊዜ ጮኸ፤ ቆጥሬዋለሁ። ነገር ግን «ውኃ» በተባለ ጊዜ ሄዶ ያልታጠበበትን ቀን አላስታውስም። አንዳንዴ ከማስታጠቢያው አጠገብ ግድግዳውን ፊት ለፊት እያየ በአርመንኛ ሲናገር እሰማለሁ። ያንን ማንም ተርጉም አላለኝም። የእጁ ቆዳ በሳሙና ብዛት ተላጠ። እማሆይ ቅባት ይቀቡት ነበር፤ ዋሱ ናቸውና።

እኔ ግን ተለወጥኩ። ቁጡ አለቃ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ እንደ እኔ ያለ ሰው አለው። ጸሐፊ ሊሆን ይችላል፣ መልእክተኛ፣ አስተርጓሚ። እጁ ንጹሕ ይመስለዋል፤ የተናገረው እሱ አይደለምና። አንተ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ካለህ፣ ያደረስከው ቃል ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ብቻ አትመርምር። ካደረስክ በኋላ ሰውየው ዝም ያለበትን ምክንያት መርምር። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ሴት ከነጨርቁ ልትሰፋ ትችላለች።

ስድስት ዓመት ሆነ። ሙሴ ወደ ጅቡቲ ወርዷል። ባሻ አርፈዋል። ተሰማ ድሬዳዋ ነው ይላሉ፤ እማሆይ ወደ ገዳም ገብተዋል። ይህን የምጽፈው በዚያ ቀትር ከጫማ ሰሪው ደጃፍ የነበራችሁ ሁሉ የጎደለኝን እንድትሞሉልኝ ነው። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ባሻ ደስታ በመጀመሪያ የእኔን ቋጠሮ ፈቱና «ሂድ» አሉኝ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ እርምጃ ራቅኩ። ከዚያ የሙሴን ሲፈቱ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር በአማርኛ ነገሩት። ሙሴ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ መልሶም ተናገራቸው፤ ሁለቱም ሳቁ። ያለ እኔ ሲነጋገሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ተሰማ፣ አንተ ከእነሱ አንድ ክንድ አትርቅም ነበር። የወይዘሮ አስካለ ባል፣ አንተም እዚያው ተቀምጠህ ነበር። ምን ተባባሉ? የምታስታውሱትን ያህል ጻፉልኝ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ግድ የለም።